ባሌን የሚያማ ሰው ፍለጋ

ናዝሬት ከተመለስኩ ጀምሮ የእድራችን ሴቶች «አምቦ እንዴት ነበር?» እያሉ ሰላም ነስተውኛል። ለአንዷ ስነግር ሌላዋ መሀል ላይ ትደርስና «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የማድር ሴት ነኝ፤ ወሬ ሳበዛ መርፌ ይሰበርብኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የሚያነብ ያንብበው፣ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ወደዚያ አገር እግሩ የማይደርስ ሰውም በእኔ እግር ይሂድ።

የሄድኩበትን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «ባሌ የድሮ ወዳጆቹን ሊጠይቅ ነው» ብዬ ነው የወጣሁት። እውነቱ ሌላ ነው።

ባሌ ደምሴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከአምቦ ወዲያ ጌዶ በምትባል ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሯል። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ናዝሬት እህቱ ዘንድ መጣ፤ እኔም ለእህቱ ልጆች ዩኒፎርም ስለካ አገኘሁት። ሁለታችንም ሽበት አብቅለን ተጋባን፤ ይኸው ስድስት ዓመታችን ነው። ካወቅሁት ጀምሮ ይረሳል። የሠርጋችን ዕለት ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቀለበት ሲፈልግ ሚዜዎቹን አስጨንቋል። እኔም «መምህር ነው፣ ሐሳቡ ብዙ ነው» እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ግን ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ከማይርቀው ዳቦ ቤት ወጥቶ መመለሻው ጠፋበት። ጎረቤት እጁን ይዞ ሲያመጣው «ሰፈሩን እየጎበኘሁ ነበር» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እኔ የሐኪም ቤት ገንዘብ መቁጠር ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አባቴ?» አለው።

«ጡረተኛ ነኝ ዶክተር፤ ለእኔ ሁሉም ቀን እሁድ ነው።»

«እሺ። የአገሪቱ መሪ ማን ናቸው?»

ደምሴ በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ይህንንስ ባውቅም አልናገርም» አለ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዶክተሩም ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከተፈጥሮው ዝንጉ የሆነ ሰው አለ። ድሮ እንዴት ነበሩ?» አለኝ።

«ድሮውን በምን አውቄው ዶክተር? ያገለገለ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያው በሥራ ዘመናቸው የሚያውቃቸውን ሰው ጠይቀው ይምጡልኝ። ድሮም እንዲህ ከነበሩ አንድ ነገር ነው። ካልነበሩ ግን ሌላ ነው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምኞቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጌዶ ሄጄ «እሱማ ድሮም ፈዛዛ ነበር» የሚለኝ ሰው ማግኘት። የባሏን ሐሜት ለመስማት ያን ያህል መንገድ የተጓዘች ሴት ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከከተማ ከተማ መሄድ አይቻልም። የቀበሌያችን ጸሐፊ የድሮ ሰው ስለሆነ ወረቀታችን ላይ በአምቦ የድሮ ስም «ወደ ሀገረ ሕይወትና ወደ ጌዶ» ብሎ ጽፎልናል። ሆለታን አልፈን አንድ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ጠመንጃው ከቁመቱ የሚበልጥ ሚሊሺያ ገባና ወረቀታችንን አገላብጦ አየ።

«ይህ አውቶቡስ አምቦ ነው የሚሄደው። የእናንተ ፈቃድ ለሀገረ ሕይወት ነው። ውረዱ» አለ።

እኔ ልለምን አፌን ስከፍት ደምሴ ተነስቶ ቆመ፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደሚቆመው።

«ልጄ፣ እናትህ ቤት ውስጥ የምትጠራህ ስምና መዝገብ ላይ ያለው ስምህ አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሁለት ሰው ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ደመወዝህን የሚቀበለው የትኛው ነው?»

አውቶቡሱ በሳቅ ተንጫጫ፤ ሚሊሺያውም ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወረቀቱን መለሰልን። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ይህ ሰውዬ ምን ሆነና ነው ሐኪም ቤት የማንከራትተው አልኩ በልቤ። ኬላውን አልፈን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳንሄድ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አስካለ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለኝ።

መንገዱ እስከ ጊንጪ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው። የእኛ ናዝሬት ነፋሱ አቧራ ዓይን ውስጥ ሲጨምር ይውላል፤ እዚያ ግን መሬቱ ጥቁር ነው፣ ጫማ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ጊንጪ ላይ ሻይ በዳቦ በልተን ከሰዓት አምቦ ገባን። አምቦ ውሃ እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ከሱቅ የሚገዛ የክብር ነገር ነው። እዚያ ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል፤ ሰዉም ጀሪካን ይዞ ሄዶ እንደ ቧንቧ ውሃ ይቀዳል። ቆርኪ ስከፍት የኖርኩበት ዘመን ቆጨኝ።

ደምሴ ፍል ውሃው ውስጥ ካልታጠብኩ አለ። እኔ ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሲወጣ ገና ከሩቅ ሱሪው መሬት ይጠርጋል።

«የማን ሱሪ ነው የለበስከው?»

«የራሴ ነዋ። ውሃው አኮማትሮኝ ነው።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የራሴን ስፌት ከመቶ ሱሪ መሀል እለያለሁ፤ ያ ሱሪ የእኔ እጅ አላረፈበትም። ወዲያው አንድ ረጅም ሰው ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ ከበሩ ብቅ አለ። አቶ ከድር ይባላሉ፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ይቆጡናል ብዬ ስሸማቀቅ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሱሪ ከተለዋወጡ በኋላም አለቀቁንም፤ ሱቃቸው ወስደው ሻይና ሳምቡሳ ጋበዙን። የእኔን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ «እጅዎ ጥሩ ነው፤ ባልዎ ሱሪውን ባይሰጠኝ ማን ያሳየኝ ነበር?» አሉኝ። ደምሴ ስጦታ የሰጠ ያህል ኩራት ተሰማውና አንድ ሳምቡሳ ጨመረ።

ማክሰኞ ወደ ጌዶ ተነሳን፤ ግን ጉደር ላይ ቀረን። ጉደር ከአምቦ ቅርብ ናት። አውቶቡሱ ለአፍታ ሲቆም ደምሴ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ወረደ። በመስኮት ሳይ አንድ ሰው አቅፎ ይስማል። «ኦቦ ኮ! አከም ጅርታ? ነጋ? ማቲን ነጋ?» ይላል፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰቡስ ማለቱ ነው፤ ያኛውም «ነጋ፣ ነጋ» እያለ ይመልሳል። የእኛ ሰላምታ እግዜር ይመስገን ላይ ያበቃል። በኦሮምኛ ግን ስለ ሰው ተጠይቆ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ ማሳው፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ይኬዳል። ትናንት «ማንኪያ» የሚለው ቃል ጠፍቶበት ሻዩን በእጁ እያማሰለ ያሳየኝ ሰው በኦሮምኛ አንዲት ቃል አልተደናቀፈም። እኔ ጓዛችንን ይዤ ልጠራው ስወርድ እነሱ ገና ዝናቡ ላይ አልደረሱም፤ አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ።

ሰውየው ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። «እንግዲህ እኔ እያለሁ የት ታድራላችሁ?» ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ጫልቱ ጨጨብሳ በማር አቀረበችልን፤ ናዝሬት ለአራት ሰው የምናቀርበውን ለእኔ ብቻ። ደምሴ ያን ቀን ልጅ ሆነ። ያወራል፣ ይስቃል።

«ያ ቀይ በሬህ ትዝ ይልሃል? በሠርግህ ሰሞን ገደል የገባው?» አላቸው ኦቦ ቶሎሳን።

ኦቦ ቶሎሳ ጣሪያውን ትንሽ አዩና «አይ… እሱማ ገባ» አሉ።

ጫልቱ ባሏን ቀና ብላ አየችው። እኔ ግን ልቤ ጮቤ ረገጠ። የሃያ ዓመት በሬ ከነቀለሙ የሚያስታውስ ሰው ምን በሽታ አለበት? ነገ ልመለስ ነው አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጫልቱ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አንቺ ከትልቅ ከተማ ነው የመጣሽው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው ያለ ዕድሜው ይረሳል? ባሌን ፈርቼለታለሁ። የአንቺን ባል ጭራሽ አላውቀውም አለኝ። ስሙን አያውቅ፣ የት እንደተገናኙ አያውቅ። እንዴት እንዲህ ያለ ወዳጅ ይረሳል?»

ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩ። «ኦቦ ቶሎሳ ጌዶ ኖረው ያውቃሉ?»

«ጌዶ? እኛ የሸነን ሰዎች ነን። እዚህ ከመጣን አራት ዓመታችን ነው።»

«ቀዩ በሬስ?»

«የምን በሬ? እሱ አናጢ ነው። በሬ ኖሮን አያውቅም።»

ከዚያ እውነቱን ነገርኳት፤ ዶክተሩን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ስለ ባሏ ደስ ብሏት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በሳቋ አፍራ እጄን ያዘችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፉ። «ሰው እንዲያ አድርጎ አቅፎ ሲስመኝ አላውቅህም ልበለው? አፌስ እንዴት ይታዘዘኛል?» አሉ። «ደግሞ ትናንት አላውቀውም ነበር እንጂ ዛሬ አውቀዋለሁ። ስትመለሱ እለፉ።» ወደ ጌዶ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ለምነው ራሳቸው አሳፈሩን።

ጌዶ ብርድ ናት። ናዝሬት ላይ እኔ የክረምት ሹራብ የምለው እዚያ ለሕፃን እንኳ አይበቃም። በእኩለ ቀን ጉም ወርዶ መንገደኛው ከደረቱ በላይ አይታይም ነበር። ያረፍነው የድሮ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኦቦ ገመቹ ቤት ነው፤ እኚህን ደምሴ በትክክል ያውቃቸዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል፤ በሬ እንዳላቸውም አጣርቻለሁ። «ባርሲሳ መጣ» ተብሎ፣ መምህሩ ማለት ነው፣ ቤቱ በድሮ ተማሪዎች ሞላ። እኔም ወሬ መቃረም ጀመርኩ።

«ሦስት መቶ ተማሪ ከነአያቱ ስም ይጠራ ነበር» አሉኝ ኦቦ ገመቹ። «ስም መጥሪያ ይዞ አያውቅም።»

«ትንሽ እንኳ ዝንጉነት አልነበረውም? ቁልፍ መጣል፣ ቀጠሮ መርሳት?»

«ደምሴ? ኧረ በጭራሽ! እኔ ስረሳ እንኳ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር።»

ተማሪዎቹም ያንኑ ደገሙት። ሌላ ሚስት ብትሆን ሙገሳውን ሰምታ ትኮራ ነበር፤ እኔን ግን እያንዳንዱ ምስጋና እንደ መርዶ ደረቴን መታኝ። ከዚያ ተስፋዬ እንደገና ነፍስ ዘራ። የጉደሩ ትዝ አለኝ። በሬ የሌለው ሰው ለእንግዳ ሲል «በሬዬ ገደል ገባ» በሚልበት አገር፣ እንግዳ ፊት የተነገረ ሙገሳ ምን ይታመናል? ይሉኝታ የሌለው ሰው ማግኘት አለብኝ። የኦቦ ገመቹን ሚስት በሹክሹክታ ጠየቅኋት። ሳቀችና «ደምሴን የሚያማ ከሆነ የፈለግሽው ዲንቄ አለችልሽ» አለችኝ። ዲንቄ የሟቿ ሚስቱ የወርቄ እህት ናት። በወርቄ ተዝካር ላይ ከደምሴ ጋር ተጣልተው ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። ደምሴን ከኦቦ ገመቹ ጋር ሻይ ቤት ትቼ ዲንቄን ቅቤ ተራ አገኘኋት። ደልደል ያለች፣ ዓይኗ የማይሸሽ ሴት ናት።

«ማነሽ?»

«የደምሴ ሚስት ነኝ።»

«ሁለተኛዋ።»

«አዎ፣ ሁለተኛዋ።»

«ቅቤ ልትገዢ ነው?»

«አይደለም። ባሌን እንድታሚልኝ ነው የመጣሁት።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ቁጭ በይ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ አፏን ሞልታ ጀመረች። ቆጣቢ ነው፣ ግትር ነው፣ የሚስቱ ዘመድ ሲመጣ ጋዜጣ ያነባል። እኔ ግን የምፈልገው አልመጣም።

«ይረሳ ነበር?» አልኳት። «ፈዛዛ አልነበረም? ዝንጉ?»

«ይረሳ ነበር? ቢረሳማ ኖሮ እህቴ በሰላም ትኖር ነበር! ያ ሰው ምን ረስቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ምሳ ሲጋበዝ ወርቄ ወጡ ላይ ጨው አበዛች። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ጨዉን ያነሳባት ነበር፤ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ! በመስከረም የተናገርሽውን በሰኔ አውጥቶ ያነብልሻል። ቂሙን እንደ ሊጥ ሸፍኖ የሚያቦካ ሰው ነው። ይረሳ ነበር ትለኛለች!»

እዚህ ላይ እስካሁን ያላነሳሁትን ልናገር። በስድስት ዓመት ትዳራችን ደምሴ አንድም ቀን የትናንት ጠብ አንስቶብኝ አያውቅም። ጠዋት ብንጣላ ማታ የለም። ለእድር ሴቶች ሁሉ ያወራሁት ይህንኑ ነበር፤ ከባሎቻቸው ቂም ሲያማርሩ «የእኔው ቂም አያውቅም፣ ልቡ የሕፃን ነው» እያልኩ ተኩራርቼባቸዋለሁ። ዲንቄ ቅቤ ተራ ላይ ያንን ስትነግረኝ ነገሩ ገባኝ። የኮራሁበት ጸባይ የበሽታው መጀመሪያ ነበር ለካ። ሲያገባኝ ጀምሮት ነበር።

እንደዚያ ደንዝዤ ሳለሁ ደምሴ ሻይ ቤት መቀመጥ ሰልችቶት በሰዉ መሀል ሲመጣ አየሁት። ዲንቄም አየችው፤ ጠብ ለመቀበል ተነስታ ቆመች።

«ዲንቄ!» አለ ደምሴ። እጁን ዘርግቶ መጣና ጉንጯን ሦስት አራት ጊዜ ሳማት። «ምነው ጠፋሽ? ደህና ነሽ? ልጆቹስ?» ፊቱ ላይ ከደስታ በቀር ምንም አልነበረም።

ዲንቄ ክንዷ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀችው መልስ ሁሉ አፏ ውስጥ ቀለጠ። በደምሴ ትከሻ በኩል ወደ እኔ አየችና ቀስ ብላ «ይህ ሰውዬ ታሟል» አለችኝ። ዶክተሩ በዚያ ሁሉ ጥያቄ ያላገኘውን እሷ በአንድ ስሞሽ አገኘችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ደምሴም ለምን እንደምታለቅስ ሳያውቅ «አይዞሽ» እያለ አባበላት።

ዕለቱን ቤቷ ወሰደችን። ዶሮ አረደች፤ ጨው እንዳይበዛ ሦስት ጊዜ ቀመሰች።

ዓርብ ጠዋት ከመሄዳችን በፊት «ለአናቱ መድኃኒት ነው» ብላ ለጋ ቅቤ ደምሴ ራስ ላይ ደፋችና በነጠላ ጠመጠመችው። በጌዶ ብርድ ቅቤው እንደ ድንጋይ ጸንቶ ነበር። በአውቶቡስ ቁልቁል ወደ ጉደር ስንወርድ ፀሐይ ወጣች። ደምሴ ወደ ፊት አዘንብሎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ከፊታችን የተቀመጠው ደግሞ ካኪ የለበሰ ካድሬ ነው። ቅቤው ጠብ፣ ጠብ እያለ አንገቱ ላይ ወረደ። ካድሬው ተቆጥቶ ሲዞር ደምሴ ነቃና መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን በክብር ጠረገለት።

«አልቦዎታል ጓድ» አለው። «ሥራ አብዝተውብዎታል መሰለኝ።»

ካድሬው አመሰገነው። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እስከ ጉደር ተንፈራፈርኩ። ጉደር ላይ ኦቦ ቶሎሳ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። «ማነው ሰውዬው?» አለኝ ደምሴ። «ወዳጅህ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ወርጄ ሰላም ልበለው» ብሎ ሲነሳ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ዝናቡ ላይ እስኪደርሱ የሚጠብቅ አውቶቡስ የለም።

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ዶክተሩ ፊት ተቀመጥን።

«የሚያውቃቸው ሰው አገኙ?»

«አገኘሁ።»

«ድሮም ይረሱ ነበር?»

ደምሴ አጠገቤ ነው። ዋሽቼ መውጣት እችል ነበር፤ አማረኝም። «አይረሳም ነበር» አልኩ።

«መቼ የጀመራቸው ይመስልዎታል?»

«ሳንጋባ ነው ዶክተር። ስድስት ዓመት ያልፈዋል።»

ጻፈ። ብዕሩን አስቀምጦ በቀስታ ነገረን፤ የመርሳት በሽታው እንደሆነ፣ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ ቀስ እያለ እንደሚብስ፣ ያለው ነገር እንክብካቤ እንደሆነ። ደምሴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ዶክተር። እንግዲህ እሷን ሳገባ ሙሉ ጤነኛ አልነበርኩም ነው የሚሉኝ?»

ዶክተሩ ግራ ተጋባ። «እንግዲህ… እንደዚያ ሊባል ይችላል።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ደምሴ።

ዶክተሩ ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። እኔ ሳቅሁ፤ ሳቁ እንባ ሆነ፤ እንባውም አልቆም አለኝ። ደምሴ ፊቴን አየና ደነገጠ።

«ምነው? ተጣላን እንዴ?»

«አልተጣላንም።»

«ተጣልተንም ከሆነ ይቅር በይኝ» አለና እጁን ዘረጋልኝ።

የሚመጣውን እፈራለሁ፤ አልፈራም ብል ውሸት ነው። ጌዶ ላይ የነገሩኝን፣ ምንም የማይረሳውን መምህር ግን እኔ አላየሁትም፤ ስለዚህ ልናፍቀውም አልችልም። እኔ ያገባሁት ይህን ነው። እጁን ይዤ ወጣን።